የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቧንቧው ተነሥቶ አፈሩ ሲቀር

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ዱሮ የነዳጅ ቧንቧ ያልፍበት ስለነበረ፣ አሁን ግን ሥራ ስላቆመ ቦታ። ቧንቧው ተነሥቷል ወይም እዚያው ተቀብሮ ቀርቷል። አፈሩ ግን ነዳጅ እንደጠጣ አለ። የእኔም ሥራ ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ናሙና ማውጣትና ጽዳቱን መከታተል ስለሆነ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከአባታችን በወረስነው መሬት ላይ የነዳጅ ቧንቧ ያልፍ ነበር። መስመሩ ሲዘጋ ቧንቧውን አወጡት። ነዳጅ የፈሰሰበትንም ቦታ አጽድተናል ብለው "ታክሟል" የሚል ወረቀት ሰጡን። እኛ ያየነው ግን አፈሩን ከላይ ከላይ ሲገለብጡ ነው። አሁንም ትንሽ ጠለቅ አድርገን ስንቆፍር የናፍጣ ሽታ ይመጣል። ቤት ልንሠራበት አስበናል። ወንድሜ "ወረቀቱ እያለን ምን ቸገረን?" ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት፣ እህቴ። ቤቱን ለጊዜው ያቆዩት። ይህንንም ለወንድምዎ ያስነብቡልኝ።

ወረቀቱን አልንቅም። ነገር ግን ወረቀት የሚመሰክረው ናሙናው ስለወጣበት ቦታ ብቻ ነው። ናሙናው ከላይኛው 30 ሳንቲሜትር ከተወሰደ ስለዚያች 30 ሳንቲሜትር እንጂ ከሥር ስላለው ምንም አይናገርም። ነዳጅ ደግሞ ላይ አይቆይም፤ ቁልቁል ይወርዳል። አሸዋማ አፈር ካገኘ ቶሎ ይሰምጣል። ዋልካ ካገኘ ይንቀራፈፋል፣ ስንጥቅ እየፈለገ ይገባል። የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ሲደርስ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። የውሃው መጠን በዝናብ ወቅት ከፍ፣ በደረቁ ወቅት ዝቅ ሲል ነዳጁም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። በወጣ በወረደ ቁጥር በመሐል ያለውን አፈር ይለቀልቀዋል። እርስዎ ጠለቅ ብለው ሲቆፍሩ የሚሸትዎ ይኸው ሊሆን ይችላል።

የቧንቧ ቦታ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ቧንቧ ሲቀበር ቦይ ይቆፈርና ቧንቧው ገብቶ አፈሩ ይመለስበታል። የተመለሰው አፈር ግራና ቀኝ ካለው ካልተነካው አፈር ይልቅ የላላ ነው። ስለዚህ ያፈተለከው ነዳጅ ቦዩን ይዞ ይሄዳል። ቧንቧው የተቀደደው እዚህ ሆኖ ነዳጁ የተጠራቀመው ወደታች ርቆ፣ ቦዩ ዝቅ በሚልበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው የነበረበትን ቦታ ብቻ ቆፍረው "ጨረስን" ብለው የሚሄዱ ሰዎችን ሳይ ከልቤ የማዝነው ለዚህ ነው።

ይህ የእኔ ሥጋት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በናይጄሪያ ኦጎኒላንድ በነዳጅ የተበከለውን መሬት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ሪፖርት አውጥቶ ነበር። መርማሪዎቹ 122 ኪሎ ሜትር የሚሆን የቧንቧ መስመር ፈትሸዋል፣ ከ4,000 በላይ ናሙናዎችንም ተንትነዋል። የተለመደው አሠራር አፈሩን እዚያው ከላይ እየገለበጡ ማከም ነበር። መርማሪዎቹ ግን በ49 ቦታዎች ነዳጁን ቢያንስ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ አገኙት። ጽዳታቸው ተጠናቋል ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ 15ቱን ሲፈትሹ 10ሩ አሁንም ከተፈቀደው በላይ የተበከሉ ነበሩ። በስምንቱ ደግሞ ብክለቱ ከርሰ ምድር ውሃ ደርሶ ነበር። በአንድ መንደር ሰዎች ከሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ቤንዜን የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ተገኘ፤ መጠኑም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው መመዘኛ ከ900 እጥፍ በላይ ነበር። መንደሩ በነዳጅ ቧንቧ መስመር አጠገብ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያወቀ ሰው ወረቀት ስላለው ብቻ ልቡ የሚያርፍ አይመስለኝም።

እንግዲህ ይህን ያድርጉ። በመጀመሪያ ወረቀቱን ለሰጠዎት አካል በጽሑፍ ጥያቄ ያቅርቡ። ናሙናዎቹ የወጡበትን ካርታ፣ የእያንዳንዱን ናሙና ጥልቀትና የላቦራቶሪውን ውጤት ይጠይቁ። ማጠቃለያውን አይቀበሉ፤ ሙሉውን ሠንጠረዥ ያስፈልግዎታል። አፈሩ ተቆፍሮ የወጣ ከሆነ ደግሞ ከጉድጓዱ ወለልና ከአራቱም ግድግዳዎች ናሙና ተወስዶ እንደነበር ይመልከቱ። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ምን ያህል የተበከለ እንደነበር ማወቅ ጥሩ ነው። እናንተ ግን የምትኖሩት ሳይወጣ ከቀረው ጋር ነው። ወለሉና ግድግዳው ካልተለኩ ጽዳቱ አልተረጋገጠም።

ከዚያ ገለልተኛ የሆነ ባለሙያ ቦዩን ተከትሎ እየሰረሰረ በተለያየ ጥልቀት ናሙና እንዲያወጣ ያስደርጉ። ወደታች ሲወርድ ንጹሕ አፈር እስኪያገኝ ድረስ መሄድ አለበት። "ሁለት ሜትር ይበቃል" ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ባለሙያ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ልኬቱ የሚያበቃበትን ቦታ የሚወስነው አፈሩ ነው።

ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለውም ያሳስብዎት ይሆናል። በካይ ይክፈል የሚባለው መርህ እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ጉባኤ መግለጫ ላይ የሰፈረ ነው፤ የብዙ አገሮች ሕግም ተቀብሎታል። ስለዚህ በራስዎ ገንዘብ ማጽዳት ከመጀመርዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። አንዴ ቆፍረው ካወጡት ማስረጃውንም አብረው ያወጡታል።

ቤቱን ለምን አቆዩት እንዳልኩ ልንገርዎት። ከነዳጅ ውስጥ ቀለል ያለው ክፍል ይተናል። ትነቱ በአፈሩ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣና በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ማስገቢያ በኩል ቤት ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ ነፋስ ይወስደዋል፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ይጠራቀማል። የውሃ ጉድጓድም ውጤቱ ሳይታወቅ እንዳታስቆፍሩ። መሬቱ ላይ ጉድጓድ ካለ ውሃው እስኪመረመር አትጠጡት። ማፍላት ነዳጅን አያክምም፤ እንዲያውም ትነቱን እናንተ ትተነፍሱታላችሁ።

ጥያቄ፦ የቀድሞው መስመር አጠገብ ውሃ ያቆረ ቦታ አለ። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይታያል። አንዳንዱ ነዳጅ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ የረግረግ ውሃ ሁሉ እንዲህ ነው ይላል። በምን እለያለሁ?

መልስ፦ በእንጨት ይለዩታል። ረዘም ያለ ጭራሮ ይያዙና ቀለሙን መሐል ለመሐል ይክፈሉት። ነዳጅ ከሆነ እንጨቱ ባለፈበት በኩል ይከፈትና ወዲያው ተመልሶ ይገጥማል። እንጨቱን ሲያሽከረክሩት ቀለሙም እየተጠማዘዘ ይከተለዋል። ብረት ካለበት ውሃ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ስስ ሽፋን ከሆነ ግን እንደ ቀጭን መስታወት ይሰነጣጠቃል። ቁርጥራጮቹ ማዕዘን እንዳላቸው ለየብቻ ይንሳፈፋሉ እንጂ አይገጥሙም። አብዛኛውን ጊዜም ሥሩ የዝገት ቀለም ያለው ዝቃጭ ይኖራል።

ቀለሙ ከተሰነጣጠቀ መልካም ዜና ነው። ይሁንና ቦታው የቧንቧ ቦታ ስለሆነ ውሃውን ያስመርምሩት፤ ምክንያቱም ሁለቱ አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ሲጨርሱ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ውሃው ይሟሟል። ያ ብረት ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ነው ዝገቱ የሚታየው። ስለዚህ ድሮ ያልነበረ የዝገት ቀለም ከመስመሩ በታች በኩል ብቅ ካለ እኔ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ጥያቄ፦ ጽዳት በሚሠራ ተቋራጭ ዘንድ የሳይት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከቀድሞው የቧንቧ መስመር ቆፍረን ያወጣነውን አፈር ዘርግተን በማረስ ልናክመው ነው። የፈሰሰው ድፍድፍ ነዳጅ ነው። አለቃዬ "ማዳበሪያውን በርከት አድርገህ በትንና ይለቀቅ" ይለኛል። ትክክለኛው መጠን ስንት ነው? ምን ያህል ጊዜስ ይፈጃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ሥራውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። አፈሩ ውስጥ ድሮም አሉ፤ ነዳጁን ምግብ አድርገው ይበሉታል። የአንተ ድርሻ የሚጎድላቸውን ማሟላት ነው፦ አየር፣ እርጥበት፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የተለመደው መነሻ ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ ነው። አፈርህ በኪሎ 10,000 ሚሊግራም ነዳጅ አለው እንበል። ያ ማለት በአንድ ቶን አፈር ውስጥ 10 ኪሎ ነዳጅ አለ ማለት ነው። ከነዳጅ ክብደት 85 በመቶ ያህሉ ካርቦን ስለሆነ 8.5 ኪሎ ካርቦን ይሆናል። የሚያስፈልገው ናይትሮጅን 0.85 ኪሎ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነውና 1.85 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ለአንድ ቶን። ይህ ጣሪያው ነው፤ ካርቦኑ በከፊል ተቃጥሎ በአየር ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ይበቃል። አንድ ላይ አትበትነው፤ ከፋፍለህ ስጥ፣ በየመሐሉም አፈሩን አስለካ። ማዳበሪያ ሲበዛ ጨውና አሞኒያ ይሆንና ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፣ የተረፈው ደግሞ በዝናብ ታጥቦ ውሃ ይበክላል። አለቃህ "በርከት አድርግ" ሲሉህ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሠርተህ አሳያቸው።

እርጥበቱን በእጅህ እወቅ። ጓንት አድርግና አንድ እፍኝ አፈር ጨብጥ። ጨብጠህ ስትለቀው ቅርጹን ከያዘ፣ ግን ውሃ ካላንጠባጠበ ደህና ነው። ከተበተነ ውሃ ይፈልጋል። በጣቶችህ መሐል ውሃ ከወጣ ደግሞ አየር የሚገባበት ቦታ ሞልቷልና ውሃ ማጠጣቱን ተው፣ እስኪጠነፍፍም አትረሰው። ጭቃ ሲታረስ ጓል ይሆናል፤ ጓል ውስጥ ያለ ነዳጅ ደግሞ ማንም አይደርስበትም። ፒኤቹ፣ ማለትም የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ፣ ከ6 እስከ 8 ባለው ይሁን። ውፍረቱን ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር አድርግ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ማረሻው ሥሩን አይነካውም።

ከሁሉ በፊት ግን ሥሩ! አፈሩን ባዶ መሬት ላይ ከዘረጋኸው ያላከምከውን ብክለት ወደ ሌላ ቦታ አዛወርከው ማለት ነው። መጀመሪያ የማያሳልፍ ሽፋን ይነጠፍ፣ ዙሪያውን የአፈር ክትር ይሠራ፣ የሚጠራቀመው ውሃ አንድ ጥግ ላይ ተሰብስቦ ይታከም። ኦጎኒላንድ ላይ መርማሪዎቹ ከነቀፏቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ የተበከለ አፈር ያለ ምንም ንጣፍ ተከምሮ ዝናብ ሲያጥበው ነበር።

ነዳጁ ከመጠን በላይ ከበዛ፣ በኪሎ ከ50,000 ሚሊግራም ካለፈ፣ ለባክቴሪያዎቹም መርዝ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን በጣም የተበከለውን አነስ ካለ ብክለት ካለው ጋር አቀላቅሎ ማከም ይቻላል። ንጹሕ አፈር ደባልቆ ቁጥሩን በማሳነስ ፈተናውን ማለፍ ግን ማታለል ነው። ነዳጁ በየቦታው ተበተነ እንጂ አንድ ግራም ነዳጅ አልጠፋም። ይህን እንድታደርግ ከታዘዝክ እምቢ በል፤ ትእዛዙም በጽሑፍ ይሁንልህ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሁኔታው ከተመቸ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ነው። በብርድ ወቅት ባክቴሪያዎቹ ይተኛሉ፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ብዙ አትጠብቅ። የነዳጁ መጠን መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይወርዳል፣ ኋላ ግን ይገተራል። የድፍድፍ ነዳጅ ከባዱ ክፍል፣ አስፋልት የሚመስለው፣ አይበላላቸውም። ስለዚህ ለደንበኛው "በዚህ ቀን አስረክባለሁ" ብለህ ቃል አትግባ። እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች ካሉም ባክቴሪያ አያጠፋቸውም፤ መጀመሪያ አስመርምርና ካሉ ሌላ መላ ይፈለግ። የፈሰሰው ቤንዚን ወይም ሌላ ቀላል ነዳጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አትረሰው እልህ ነበር። ብታርሰው አብዛኛው ሳይበላ ተንኖ ወደ ጎረቤት ሳንባ ይሄዳል። ለእሱ የሚሻለው በሸራ የተሸፈነ ክምር ሆኖ አየሩ በቱቦ እየተሳበ መጣራቱ ነው።

የናሙና ነገር። በፌስታል አትያዝ። ትነቱ ላቦራቶሪ ሳይደርስ ያልቅና "ንጹሕ ነው" የሚል ውጤት ይመጣልሃል። በመስታወት ብልቃጥ፣ አየር እንዳይቀር ጢም አድርገህ ሙላ፣ ክዳኑን አጥብቅ፣ በበረዶ ሣጥን 4 ዲግሪ ገደማ አቆየው። ቤንዜንን ለመለካት ከሆነ አፈሩን ከተለያየ ቦታ ሰብስበህ ባልዲ ውስጥ አታማስለው፤ ያንን ስታደርግ ልትለካው የመጣኸውን ነገር እያበረርከው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሃለሁ። ሰው ያለ ጋዝ መለኪያ ጉድጓድ ውስጥ አታስገባ። የነዳጅ ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የቤንዚን ትነት ከአየሩ 1.4 በመቶ ብቻ ሲሆን እሳት ለመያዝ ይበቃዋል። መለኪያው የዚያን አንድ አሥረኛ ካሳየ ሥራ አቁምና ሰዎቹን አውጣ። ጉድጓዱ ከ1.5 ሜትር ከጠለቀ ግድግዳው ይደገፍ ወይም ወደ ውጭ ተዳፋት ሆኖ ይቆፈር፤ ነዳጅ የጠጣ የቦይ አፈር ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። በአፍንጫም አትመኑ። አፍንጫ ሽታ ሲለምድ ይተዋል፣ ትነቱ ግን እዚያው አለ።

ጥያቄ፦ "ተፈጥሮ ራሷ ታጸዳዋለች" የሚል ነገር ሰማሁ። እውነት ከሆነ ለምን ዝም ብለን አንተወውም?

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ቤሚጂ በምትባል ከተማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ የነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። በጽዳቱ ሦስት አራተኛው ገደማ ተነሣ። የቀረው 400,000 ሊትር ያህል ከመሬት ሥር ቀረ፣ ቦታውም የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሳይንቲስቶች የሚመራመሩበት ሆነ። ባክቴሪያዎቹ በእርግጥ ሲበሉት ታይቷል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟው ብክለት ብዙ ርቀት እንዳይሄድ አግደውታል። ነገር ግን ከ40 ዓመት በኋላም ነዳጁ ከሥር አለ።

ስለዚህ መተው የሚቻልባቸው ቦታዎች አሉ፦ ምንጩ የተነሣበት፣ በአቅራቢያው የሚጠጣ ውሃም ሆነ ቤት የሌለበት፣ በየጊዜው የሚለካ ሰው ያለበት። የመጨረሻዋ ትልቅ ቁም ነገር ናት። በመለኪያ ጉድጓዶች ብክለቱ እየጠበበ መሆኑን እያዩ መጠበቅ ተቀባይነት ያለው የጽዳት ዘዴ ነው። ሳይለኩ መጠበቅ ግን ቦታውን ጥሎ መሄድ ነው፤ ኩባንያዎች ሁለተኛውን እያደረጉ በመጀመሪያው ስም ሲጠሩት ዝም አትበሉ።

ጥያቄ፦ ከመሬት የወጣው አሮጌ ቧንቧ ላይ ጥቁር ነገር ተጠቅልሎበታል። ልጆች እየላጡ ያነዱታል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ዛሬውኑ አስቁሟቸው። የቀድሞ ቧንቧዎች እንዳይዝጉ በድንጋይ ከሰል ሬንጅ ይቀቡ ነበር፤ በብዙዎቹም ላይ አስቤስቶስ ያለበት ጨርቅ ይጠቀለላል። ሬንጁ ሲቃጠል ካንሰር የሚያመጣ ጭስ አለው። አስቤስቶሱ ደግሞ ሲላጥና ሲፈረፈር ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆንና ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። አትላጡት፣ በመጋዝም አትቁረጡት፣ አትጥረጉት። የወደቀውን ቁራጭ ውሃ አርከፍክፉበትና በወፍራም ፕላስቲክ ሸፍኑት። ልጆች የማይደርሱበት አጥር ይደረግለት፣ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በጽሑፍ አሳውቁ። ልጆቹ ለብሰውት የነበረውን ልብስ ሳታራግፉ በውሃ ንከሩትና ለብቻው እጠቡት።